ቀለም መጨረሻ ላይ ነው፦ አሮጌ ፉርጎ ስናድስ

ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ዝጉ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

አሮጌ የባቡር ፉርጎ ለማደስ የተሰባሰበ ወጣት መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ቀለሙ ላይ ነው። ብሩሽ ይዞ ይመጣል። በአንድ ቅዳሜ አሳምሮት ፎቶ ሊነሳ ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ጣሪያው የሚያፈስ ፉርጎ ላይ ቀለም መቀባት ማለት እንጨቱን ከነእርጥበቱ ማሸግ ማለት ነው። ከውጭ ያምራል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከሁለት ክረምት በኋላ የሚቀረው ቀለሙ ብቻ ነው።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አናጺነቱን የተማርኩት ግን ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የመንገደኛ ወንበር፣ የፉርጎ በር፣ ወለል፣ የጣሪያ ሸራ ስሠራ ነው የኖርኩት። አሁን አገሬ ተመልሼ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር አንድ የዕቃ ፉርጎ እያደስን ነው። ወሬው ሲሰማ ከደሴም ከወልዲያም ሰዎች መጡ። «እኛም ጋ አሮጌ ነገር አለ፤ ከየት እንጀምር?» ይላሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀውን ልመልስ። ወሎ ውስጥ ፉርጎ ከየት መጣ? የድሮው የባቡር መስመር እኛ ጋ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የእኛ ፉርጎ በኋላ ዘመን ከእግሩ (ከመንኮራኩሮቹ) ተነጥሎ፣ ሳጥኑ ብቻ በጭነት መኪና ከአዋሽ በኩል የመጣ ነው። አንድ ሐጂ እህል ሲያስቀምጡበት ኖረዋል። አዳራሽ አያክልም፣ ጎተራም አይደለም፤ ግን አይጥ አያስገባም ነበርና ወደዱት። «ሌላ መጋዘን ሥሩልኝና ውሰዱት» አሉን። የቆርቆሮ መጋዘን ሠራንላቸው። ከዚያ በኋላ እንኳ በየቅዳሜው ብቅ እያሉ «አብሽሩ ልጆቼ» ሳይሉን አይሄዱም።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ይነዳል?» የሚል ነው። አይነዳም። የድሮው መስመር የሁለቱ ሃዲዶች ርቀት 1 ሜትር ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተጀመረው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። እግሩን ብናገኝለት እንኳ አይገጥምም። ይህን ለበጎ ፈቃደኞቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። የምናድሰው ልጆች ገብተው እንዲያዩት፣ በእጃቸው እንዲነኩት፣ እኛም ሙያውን ለሚቀጥለው እንድናስተላልፍ ነው። ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

የባቡር ሠራተኛ መሆን የግድ አይደለም። በዓለም ላይ በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ያተረፉት የመጀመሪያው የባቡር መስመር ዌልስ ያለው ታሊሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ኤርትራ ውስጥ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተመልሰው የምጽዋና የአሥመራን መስመር በእጃቸው ጠግነዋል። ሰው ካለ ይቻላል።

ከመንካታችሁ በፊት

የባለቤቱን ፈቃድ በወረቀት ያዙ። ዕቃው የባቡር ድርጅት ከሆነ በደብዳቤ ጠይቁ። የከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ይወቀው። ድሬዳዋ ወይም ለገሃር ሄዳችሁ ለመታሰቢያ ብላችሁ አንዲት ብሎን ይዛችሁ እንዳትመጡ። አንድ ሰው አንድ ብሎን፣ ሌላው አንድ ሰሌዳ እያነሳ ነው ስንቱ ያለቀው።

አደረጃጀቱ ላይ አትጨነቁ። ወሎ ውስጥ ቅሬ (እድር) ያልገባ ሰው የለም። እንደ ቅሬ አድርጉት፦ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የሚፈረምበት መዝገብ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ይታወቅ። እኛ ቅዳሜን የመረጥነው ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ ስላለ ነው። ቅዳሜ ሁሉም ይመጣል።

ጣሪያው

የዚህ ሥራ ግማሹ ከውሃ ጋር ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው እርጅና ሳይሆን ሻጋታ ነው። ሻጋታ ደግሞ ያለ ውሃ አይኖርም። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ መበስበስ ይቆማል። ደረቅ እንጨት ዘመን ይሻገራል።

ላስታ ሄዶ ይምርሐነ ክርስቶስን ላየ ሰው ይህን ለማስረዳት አልቸገርም። ቤተ ክርስቲያኑ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራ ነው። ስንት መቶ ዓመት ቆሟል። ያለው ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዝናብ አያገኘውም። የእኛም ፉርጎ ድሬዳዋና አዋሽ እያለ በደረቁ አየር ብዙ አልተጎዳም። የተጎዳው እዚህ መጥቶ የኮምቦልቻን ሐምሌና ነሐሴ ሲያይ ነው።

ስለዚህ ለእንጨቱ ዋሻ ሥሩለት። ቋሚ ገንዘብ እስኪገኝ ጊዜያዊ መጠለያ ይበቃል። አራት ወይም ስድስት ግንድ ትከሉ፣ መሐሉን ከፍ አድርጉ፣ ሸራ ወጥሩ። ሸራው ጣሪያውን እንዳይነካው ቢያንስ አንድ ስንዝር አየር ይኑር። በጎንና በጎን አንድ ክንድ ያህል ይለፍ። ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ቆፍራችሁ ከፉርጎው አርቁት። በፕላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ አትሸፍኑት። ማታ ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ከውስጥ ያልባል። ያ ላብ እንደ ዝናቡ ይጎዳል።

ከዚያ ወደ ራሱ ጣሪያ ውጡ። የእኛው ላይ አንድ ዘመን አንድ ሰው ቆርቆሮ መትቶበታል። አስቦ ነው፤ እህሉ እንዳይረጥብ። ግን የምስማሩ ላስቲክ በፀሐይ ደርቆ ረግፏል። እያንዳንዱ የምስማር ቀዳዳ ውሃ ማስገቢያ ሆኗል። ቆርቆሮውን ስናነሳ ከስሩ የድሮው የሸራ ጣሪያ ቁርጥራጭ ተገኘ።

አዎ፣ ሸራ። የድሮ የእንጨት ፉርጎና የመንገደኛ ባቡር ጣሪያ ሳንቃ ላይ ሸራ ተወጥሮ በቀለም የሚሸፈንበት አሠራር አለ። በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ይቆያል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

የጣሪያውን ሳንቃዎች አንድ በአንድ ፈትሹ፣ የበሰበሰውን ቀይሩ። ከፍ ያለ ምስማር ካለ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ሹል ጠርዝ ካለ በመላጊያ አለስልሱት። አንድ የተረሳ የምስማር ራስ ሸራውን ከስር ይበሳዋል። ከዚያ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ወፍራም ቀለም ሳንቃው ላይ ቀቡ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሸራውን አልብሱት። ሸራው አንድ ወጥ ቢሆን ይመረጣል። የሚወጠረው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ሁለት ሰው በዚህ፣ ሁለት ሰው በዚያ ሆኖ። ጠርዙን ወደ ታች አጥፋችሁ ዝገት በማይዘው አጭር ምስማር አጠጋግታችሁ ምቱ። ከላይ ደግሞ ስስ ስስ ቀለም፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ።

ሸራ ስትገዙ ተጠንቀቁ። የጭነት መኪና መሸፈኛው የሚያብረቀርቀው ሸራ ፕላስቲክ የተቀባ ነው፤ ቀለም አይዝም፣ እንጨቱም ላይ አይጣበቅም። የሚፈለገው የድንኳን ጥጥ ሸራ ነው። ድሮ ለማጣበቂያ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ነጭ ቀለም ይጠቀሙ ነበር። መርዝ ነውና እሱን ተዉት። የጠፋው እርሳስ ብቻ ይሁን፣ አሠራሩ አይጥፋ።

ከመሬት ማንሳት

ከላይ ዝናብ፣ ከታች ምስጥ። ሳጥኑ መሬት ላይ ከተቀመጠ ምንም ብትሠሩ ከንቱ ነው።

ስታነሱ ክሪኩን ከብረቱ መሠረት ስር አስገቡ፤ ከሳንቃው ስር በፍጹም። አንድ ጥግ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አንሱ፣ ወዲያው ታኮ አስገቡ፣ ወደ ሌላው ጥግ ሂዱ። አንዱን ጥግ ብቻ ብዙ ካነሳችሁት ሳጥኑ ይጠማዘዛል፣ መጋጠሚያው ሁሉ ይከፈታል። ክሪክ ላይ ብቻ ያለ ሸክም ስር ማንም ሰው እጁንም ቢሆን አያስገባ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የሚቸኩል ልጅ ካለ ቡና እንዲያፈላ ይላክ።

የምታሳርፉበት የድንጋይ ወይም የኮንክሪት እግር አናት ላይ ላሜራ አድርጉ። ላሜራው ከእግሩ ሰፋ ብሎ ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፍ። ምስጥ ላሜራውን አይበሳውም፤ ዙሮ መምጣት አለበት። ዙሮ ሲመጣ የሚሠራው የአፈር መንገድ ይታያችኋል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ዙሪያውን ይመልከት። ካየ ይጥረገው።

ብዙ ሰው «የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት» ይላል። የአጥር እንጨት ላይ የተለመደ ነው። እዚህ አታድርጉት። ዘይት የጠጣ እንጨት ቀለምም ማጣበቂያም አይቀበልም። ለአፈሩም ለሚነካው ሰውም ጥሩ አይደለም።

መመዝገብ

አንዲት ሳንቃ ከመነቀሏ በፊት ሁሉም ነገር ይመዝገብ። ስልክ ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። ከአራቱም ጎን፣ ከውስጥ፣ ከስር፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከማስመሪያ ጋር አንሱ። ከዚያ ደብተር ላይ ፉርጎውን ሳሉት። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ልኩ ትክክል ይሁን።

ለእያንዳንዱ ሳንቃ ስም ስጡት። እኛ ግራውን ጎን «ግ»፣ ቀኙን «ቀ» ብለን ከታች ወደ ላይ ቆጠርን። «ቀ-3» ማለት በቀኝ በኩል ሦስተኛው ሳንቃ ነው። በማርከር የተጻፈ በፀሐይ ይጠፋል። ከጣሳ ቆርቆሮ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ቁጥሩን በምስማር እየወጋችሁ ጻፉበትና ጀርባው ላይ ምቱት። ብሎኑን ከነዳዶው ከነሮንዴላው በከረጢት አድርጋችሁ ያንኑ ቁጥር ስጡት። ምስማር በመንቀል ከእኛ መሐል የሚደርስባት የሌለ አንዲት የነርስነት ተማሪ አለች። እሷ የነቀለችው ሳንቃ አይሰነጠቅም። መዶሻ አታበዛም፣ በፒንሳ ቀስ እያለች እያዞረች ነው። እኔም ለአዲስ ገቢ ሁሉ እሷ እንድታሳይ እጠይቃታለሁ።

ቀለሙ ስር ያለው ጽሑፍ

ይህን ክፍል በጣም ስለምወደው ረዘም አደርገዋለሁ።

አሮጌ ቀለም የፉርጎው መታወቂያ ነው። ከመፋቃችሁ በፊት አንብቡት። ማታ ወይም ጨለም ባለ ሰዓት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ብርሃኑን ከጎን፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ እንዲያልፍ አድርጉ። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ ፊደል ጠርዙ ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። ያያችሁትን ፊደል ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፋችሁ በማርከር ቅዱት። ፕላስቲኩን ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ወደፊት ፊደሉን መልሳችሁ የምትጽፉት በዚያ ነው።

ቀለሙን ለማወቅ ደግሞ ደኅና የቀረ ቦታ ምረጡ። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሳችሁ ክብ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ። የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ቦታ ይበቃል። መሐሉ እንጨት እስኪደርስ ሲሄድ ዙሪያው ላይ እያንዳንዱ የቀለም ድርብ እንደ ቀለበት ይታያል። ከውጭ ያለው የቅርቡ፣ ወደ መሐል ያለው የጥንቱ ነው። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ፎቶ አንሱት።

የእኛው ላይ ከሁሉም በላይ ግራጫ ነበር፤ ሐጂ ያስቀቡት። ከሱ ስር ቀላ ያለ ቡናማ መጣ። ቡናማው ላይ የጅቡቲና ኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ የፈረንሳይኛ ምህጻር፣ ሴ-ዴ-ኧ፣ በነጭ ተጽፎ አገኘን። ያ ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከእሱ ስር ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ፊደል ወጣ። ስለዚህ ፉርጎው ከ1981 በፊት ሥራ ላይ እንደነበር ሌላ ወረቀት ሳንፈልግ አወቅን። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እኔም እነዚያን ፊደላት ሳይ ወርክሾፑ ውስጥ አብረውኝ የነበሩት አዛውንት ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። ቀጥ ያለ መስመር ያለ ማስመሪያ ይጽፉ ነበር።

አሁን ከባድ ማስጠንቀቂያ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይኖራል ብላችሁ ገምቱ። እርሳስ በትንፋሽም በእጅም ይገባል፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ ሁልጊዜ በውሃ ይሁን። በእሳት አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ቢያንስ ኤን 95፣ ከተገኘም የበለጠ የሚያጣራ ማስክ አድርጉ፤ ተራ ጨርቅ አይበቃም። ከስር ፕላስቲክ አንጥፋችሁ ፍቅፋቂውን ሰብስቡ፣ ቦርከና ወንዝም ሆነ እርሻ ላይ እንዳይደፋ። የሥራ ልብስ እዚያው ይደር፣ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። የቡናው ቦታ ራቅ ብሎ ነው፤ ረከቦቱ ፉርጎው አጠገብ አይቀመጥም። እጅ በሳሙና ታጥቦ ነው ቆሎ የሚዘገነው። ሕፃን ልጅ ቀለም በሚፋቅበት ቀን ግቢው ውስጥ አይገባም።

እንጨቱ

የበሰበሰውን ለማወቅ ወስፌ ያስፈልጋችኋል። ስፌት የሚሰፋበት የእናቶቻችን ወስፌ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል። በየአንድ ስንዝሩ ወጋ ወጋ አድርጉ። ደኅና እንጨት ይመልሳችኋል። የበሰበሰ ያስገባችኋል። ከላይ ቀለሙ ደኅና ሆኖ ከውስጥ ባዶ የሆነ ብዙ ታገኛላችሁ። በተለይ የቋሚዎቹን የታች ጫፍ፣ የበሩን መድረክ፣ ብሎን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ዙሪያ፣ ብረትና እንጨት የሚነካኩበትን ቦታ ሁሉ ውጉ። የበሰበሰውን በጠመኔ ክበቡት።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና የትዕግሥት ነው። ሁለት ሜትር ሳንቃ ጫፉ አንድ ስንዝር ቢበሰብስ «አሮጌ ነው፣ ሙሉውን እንቀይረው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ሁሉን ከቀየራችሁ ያደሳችሁት ፉርጎ አይደለም፤ አዲስ ሣጥን ሠርታችኋል። የበሰበሰውን ብቻ ቁረጡ። ደኅናው እንጨት ውስጥ ትንሽ ገባ ብላችሁ ነው የሚቆረጠው፣ ሻጋታው እንዳይቀር።

መቀጠያው በሰያፍ ነው። ልኩን ልንገራችሁ፦ የሰያፉ ርዝመት የሳንቃው ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሁን። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ሰያፉ 32 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭር ከሆነ ይላቀቃል። ሁለቱን ፊት በመላጊያ አስተካክሉ፣ ብርሃን እንዳያሳልፍ እስኪገጥም። ነጩ ኮላ ውሃ አይችልም፤ ለውጭ ሥራ ኢፖክሲ ይሻላል። የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ የመገጣጠሚያው መስመር ውሃውን ወደ ውጭ እንዲጥል አድርጋችሁ ቁረጡት። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ውሃ ይዞ ይቀመጣል።

እንጨት ከየት ይምጣ? ዝግባ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ሕግ ይከለክላል። ልክም ነው። እኛ የምንፈልገውም ትኩስ እንጨት አይደለም። ደሴ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው የጥድ ወራጅና የዝግባ ሳንቃ ወርቅ ነው። ደርቋል፣ መጠማዘዙን ጨርሷል። ጥድ ደግሞ ምስጥም መበስበስም የሚችል እንጨት ነው። ቤት የሚያፈርስ ሰው ስትሰሙ ለማገዶ ከመሸጡ በፊት ድረሱ። ከመቁረጣችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉበት፤ የተቀበረ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል። ባህር ዛፍ ለመጠለያው ግንድ ይሆናል፤ ለሳንቃ ግን አልመክርም፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።

ትኩስ እንጨት ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ አስደርቁት። በየመሐሉ ቀጭን ሞራሌ እያደረጋችሁ ጥላ ስር ደርድሩ፣ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀቡ። ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ አስቡ። ረዥም ይመስላል። እስከዚያ የብረቱን ሥራ ሥሩ።

የግድግዳ ሳንቃዎች ወንድና ሴት ሆነው የሚጋጠሙ ናቸው። በበጋ ስትገጥሙ እስከ ጥርሱ አታጣብቋቸው። በየመሐሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉላቸው። በክረምት ያብጣሉ፤ ቦታ ካጡ ግድግዳው ወደ ውጭ ያብጣል። ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ሳንቃ በስድስቱም ፊት የመጀመሪያውን ቀለም ቀቡት፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎንና ጎኑን፣ ሁለቱን ጫፍ። ጫፉ ከሁሉ ይብስ፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጫፉ ነው። ከተገጠመ በኋላ እዚያ ብሩሽ አይደርስም።

ብረቱ

የዛገ ብሎን በጉልበት አይፈታም። ናፍጣና ዘይት ቀላቅላችሁ ቀቡት፣ ይደር፣ ደግማችሁ ቀቡት። የሚመጣ ነው። ግራይንደር የመጨረሻው መፍትሔ ነው። እሳት እንጨት አጠገብ አታምጡ።

ሪቬቱን (ብረትን ከብረት የሚያያይዘውን የተቀጠቀጠ ምስማር) በትንሽ መዶሻ መታ አድርጉ፣ በሌላ በኩል ጣታችሁን አስጠጉ። ጠበቅ ያለው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የላላው ድምፁ ይደነቁራል፣ ጣታችሁም ስር ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። የላላውን በኖራ ምልክት አድርጉና ለባለሙያ አሳዩ።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስወግዱ፣ መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ። የተጠረገ ብረት ያንኑ ቀን አንቲረስት ይቀባ። ካደረ ጤዛው መልሶ ያዝገዋል። እኛ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ጤዛው ሲደርቅ ጀምረን፣ ከ10 ሰዓት በፊት ቀብተን እንጨርሳለን። በአንድ ቀን የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ጥረጉ። ብረትና እንጨት የሚነካኩበት ቦታ ሁለቱም ይቀቡ።

ብየዳ ካስፈለገ ሙያ ያለው ሰው ይሥራው። ዙሪያውን ያለው ሳንቃ ይነቀል፣ ባልዲ ውሃ ይዘጋጅ። ብየዳው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ፍንጣሪ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ነው የሚነሳው።

አሁን ቀለም

ደረስን። ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ወፍራም ድርብ ከሚቀባ ሦስት ስስ ይሻላል። በመሐል መሐሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ። ቀለሙ ቀለበቶቹ ውስጥ ያገኛችሁት ይሁን፤ የምትወዱት ቀለም ሳይሆን የፉርጎው ቀለም። የትኛውን ዘመን እንደምትመልሱ ደግሞ ተመካክራችሁ ወስኑ። እኛ ቡናማውን ከነሴ-ዴ-ኧው መረጥን። በሕይወት ያሉ የድሮ ሠራተኞች የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው። ፊደሉን ደሴ ውስጥ በእጅ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ፕላስቲኩን ይዘን ሄደን አሳየነው። በደስታ ነው የተቀበለን። ተለጣፊ ፕላስቲክ ፊደል አታድርጉበት።

የተልባ ዘይት ስትጠቀሙ ይህን አትርሱ። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው ራሱ ይነዳል። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለው ጨርቅ ሙቀቱን ያጠራቅማል። የእንጨት ሥራ ቤት የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጨርቁን ገመድ ላይ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ የሞላ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ክተቱት። ማታ ግቢውን የሚዘጋው ሰው ሥራው ይህን ማየት ነው። መዝገቡ ላይ ይፈርምበት።

ካለቀ በኋላም አያልቅም። ግንቦት ላይ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ሰሌዳ አንጥፎ ይውጣ፤ ሸራው በቀጥታ አይረገጥም። የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ያኔውኑ ይነካ። በክረምቱ መሐል ከትልቅ ዝናብ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ውስጡን እዩ፤ እርጥብ ቦታ ካለ በጠመኔ ክበቡት፣ ሲደርቅ ምንጩን ፈልጉ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱንም በር ከፍታችሁ ቀኑን ሙሉ አናፍሱት። ጥቅምት ላይ ወስፌውን ይዛችሁ የቋሚዎቹን የታች ጫፍ እንደገና ውጉ፣ ያገኛችሁትንም ከዓምናው ጎን ደብተሩ ላይ ጻፉት።